ኦኔሲሞስ ነሲብና የተዘጋው የወለጋ መንገድ

በ1882 ዓመት መጀመሪያ ወራት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ወርዶ ወደ ሱዳን ሜዳ በሚገባበት አካባቢ፣ ፋማካ በምትባል ቆላማ ስፍራ፣ ዕድሜያቸው ከሃያ አምስት ዓመት ብዙም ያልራቀ አንድ ሰው በብርቱ ንዳድ ተይዘው ተኝተው ነበር። እኚህ ሰው በልጅነታቸው በግፍ የተለዩትን የትውልድ አገራቸውን ለማየትና በዚያ ለማስተማር አስበው፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥተው፣ የሱዳንን በረሓ አቋርጠው፣ ካርቱም ደርሰው፣ ከዚያም ዓባይን ተከትለው እስከዚህ ድረስ መጥተዋል። ካለፈው መንገድ ጋር ሲመዛዘን ከፊታቸው የቀረው አጭር ነበር። ሆኖም በሽታው እየበረታ ሄደ፤ ወደፊት መግፋትም የማይቻል ሆነ። ስለዚህ ተጓዦቹ ፊታቸውን ወደ መጡበት መለሱና ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ካርቱም ገቡ። በሽተኛው ሰው የወለጋን መሬት ለመርገጥ ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው።

ሰውየው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነበሩ። ዛሬ ስማቸው የሚነሣው በኦሮምኛ ቋንቋ በታተመው የመጀመሪያው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስና ለኦሮሞ ልጆች ማንበቢያ እንዲሆን በተዘጋጀው መጽሐፍ ምክንያት ነው። ሁለቱም መጻሕፍት የተሠሩት መንገዱ ተዘግቶ በቈየባቸው በእነዚያ ሃያ ሁለት ዓመታት ውስጥ መሆኑን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

የተወለዱት በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ በሚባለው ስፍራ አጠገብ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲሆን የአባታቸው ስም አዋጂ ነበረ። ሂካ የሚለው ስም የተገኘበት የኦሮምኛ ግሥ የታሰረን መፍታት ማለት ነው፤ አንድን ንግግር ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መተርጐምም በዚሁ ግሥ ይነገራል። አማርኛም ሕልም ፈታ፣ ቅኔ ፈታ ሲል ተመሳሳይ መንገድ ይሄዳልና አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ወላጆቹ ስሙን ሲያወጡ ልጃቸው ምን እንደሚሆን ከቶ ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

ሕፃኑ ሂካ አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ አገር ሰርቀው ወሰዱት። ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተሸጠ በስምንት ጌቶች እጅ ካለፈ በኋላ ምፅዋ ደረሰ። ነሲብ የሚለው ስም የተሰጠው በዚሁ የባርነት ዘመን ነው። ቃሉ በዐረብኛ ዕጣ ወይም ድርሻ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛም አንድ ነገር ሳይታሰብበት እንዲያው በዕድል ሲሆን በነሲብ ሆነ ይባላል። ሰው በገዛ አገሩ መንገድ ላይ ተይዞ በነሲብ መጠራቱ መራራ ነገር ነው። በ1870 በምፅዋ የነበረው ስዊሳዊው ቬርነር ሙንሲንገር ልጁን ነጻ አወጣውና እንዲማር ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች ሰጠው።

እዚህ ላይ ስለዚህ ትምህርት ቤት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የስዊድን ሚሲዮናውያን በ1866 ምፅዋ ሲደርሱ አሳባቸው በባሕር ዳርቻ ለመቀመጥ አልነበረም፤ ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ነበር። መንገዱ ስላልተከፈተላቸው ከምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባለው ስፍራ ሰፈሩ፤ በዚያም ከባርነት የወጡ ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። እንግዲህ እነርሱ ወደ ኦሮሞ አገር መሄድ ቢያቅታቸው የኦሮሞ ልጆች በባሪያ ነጋዴ እየተነዱ እስከ ደጃቸው መጡ። ትምህርት ቤቱ ራሱ ባልተፈጸመ ዕቅድ ላይ የተሠራ ነው።

ሂካ በዚህ ትምህርት ቤት ትጉህ ተማሪ ሆኖ ተገኘ። መጋቢት 31 ቀን 1872 በትንሣኤ በዓል ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ይህም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የሚነገርለት የባሪያው ስም ነው። የባርነት ዘመን ስሙን ነሲብን ግን አልጣለውም፤ እንደ አባት ስም አድርጎ እስከ ዕለተ ሞቱ ተጠራበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ስዊድን ተልኮ ዮሐንስሉንድ በሚባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ።

በ1881 ኦኔሲሞስ ተምረው ወደ ምፅዋ ሲመለሱ አንድ አሳብ ብቻ ነበራቸው፤ ይኸውም ወደ ወገኖቻቸው መሄድ ነው። ምሕረት ኃይሉ የምትባለውን አገቡና ወዲያው ለጉዞ ተነሡ። በደጋው በኩል እንዳይሄዱ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የውጭ ሰዎች እንዳያልፉ ከልክለዋል። ስለዚህ ዙሪያውን በሱዳን ዞሮ ከምዕራብ በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ተመከረ። ይህ ምክር እንዴት በንዳድ እንደ ፈረሰ ከላይ ተነግሯል።

ተጓዦቹ ካርቱም ሲመለሱ የመህዲ ዐመፅ በሱዳን ምድር እየተቀጣጠለ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በጥር 1885 ካርቱም ራሷ በመህዲ ሠራዊት እጅ ወደቀች። በዚያው በ1882 በሰኔ ወር ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊቶች የደቡብ ምዕራቡን አገር ለመያዝ ሲፎካከሩ ቆይተው እምባቦ በሚባለው ስፍራ ተዋጉ። እምባቦ ያለው በዚያው በወለጋ ምድር፣ በሆሮ ጉድሩ ነው። እንግዲህ የፋማካው በሽተኛ ተሻሽሎአቸው መንገዳቸውን ቢቀጥሉ ኖሮ በስተኋላቸው መመለሻው ሲዘጋ፣ በስተፊታቸው ደግሞ ጦርነት ሲጠብቃቸው ይገኙ ነበር። ይህን በፋማካ የተኛው ሰው አያውቅም፤ የሚያውቀው ትኵሳቱንና የተሰናከለውን ምኞቱን ብቻ ነበር።

ኦኔሲሞስ ወደ እምኩሉ ተመልሰው ሲያገግሙ የትርጒም ሥራ ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ይህን ሥራ የተያያዙት መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ጊዜያቸውን በከንቱ ላለማሳለፍ ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም ሌላ የጉዞ ዕድል ሲመጣ ብዕራቸውን አስቀምጠው እንደገና ተነሥተዋል። ይህኛው ጉዞ በ1886 እስከ እንጦጦ አደረሳቸው። እንጦጦ ሲደርሱ ግን ንጉሥ ምኒልክ ሚሲዮናውያን ሁሉ ከአገር እንዲወጡ ማዘዛቸውን ሰሙ። አሁን በሽታም በረሓም አልነበረም፤ ትእዛዝ ነው እንጂ። የመጡበትን ረጅም መንገድ እንደገና ተመልሰው እምኩሉ ገቡ።

በዚህ ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሞልቷቸዋል። ሁለት ጊዜ ወደ አገራቸው ጉዞ ጀምረው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። በሽታ ሰውነትን እንደሚያደክም የተደጋገመ መሰናክልም ልብን ያደክማልና፣ በዚህ ቦታ ላይ ሥራቸውን ትተው ወደ ሌላ ኑሮ ቢዞሩ ኖሮ የሚወቅሳቸው ሰው አይኖርም ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ።

በጠረጴዛውም ላይ ሌላ ችግር ጠበቃቸው፤ ይህ ችግር ማንኛውንም መምህር ሊያሳስበው የሚገባ ነው። ኦኔሲሞስ ስዊድንኛ ያውቃሉ፤ አማርኛ ያውቃሉ፤ መጻሕፍት አንብበዋል። የገዛ ቋንቋቸውን ግን የሚያውቁት በልጅነታቸው በያዙት መጠን ነበር። በልጅነቱ ከአገሩ የተወሰደ ሰው የከብቱን፣ የእህሉን፣ የጨዋታውን ስም ያውቃል፤ እናቱ ስትቈጣና ስታቈላምጥ የምትናገረውን ያስታውሳል። ሽማግሌዎች በሸንጎ ተቀምጠው ሲፈርዱ፣ ሰው ሲማማልና ውል ሲያፈርስ፣ ሲያዝንና ሲመርቅ የሚነገረውን ጥልቅ ቃል ግን ገና አልተማረም። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያህል የሕግ፣ የታሪክ፣ የቅኔና የምሳሌ መጽሐፍ በልጅ ቋንቋ መተርጐም አይቻልም። ከእሳቸው በፊት ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ሩፎ በተባለ ከባርነት በወጣ ኦሮሞ እየተረዳ አዲስ ኪዳንን በኦሮምኛ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ሙሉው መጽሐፍ ገና አልተገኘም፤ መዝገበ ቃላቱም ገና ብዙ ይቀረዋል።

ኦኔሲሞስ ከእንጦጦ በተከለከሉበት በዚያው በ1886 የኢጣልያ መርከበኞች በቀይ ባሕር ላይ ወደ ዐረብ አገር ባሪያ ጭና የምትሄድ ጀልባ ያዙ። በጀልባዋ ላይ አስቴር ጋኖ የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። አስቴር በነጻነት ተወልዳ በኋላ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ያደረጋት የኦሮሞ ልጅ ናት። ከጀልባዋ ወርዳ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች፤ ማንበብና መጻፍም ተማረች። መምህራኗ ብዙም ሳይቈዩ የዚህችን ልጅ ተሰጥዎ ተረዱ። ቋንቋዋ ንጹሕ ነው፤ ትዝታዋም ገና አልደበዘዘም። በእናቶችና በአያቶች ዘንድ የሚነገረውን ሁሉ በቃሏ ይዛ መጥታለች።

ኦኔሲሞስ የጐደላቸው ይኸው ነበር። አስቴር ቃላት እየሰበሰበች መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ ከትዝታዋም አምስት መቶ የሚያህሉ የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና እንቆቅልሾች ጻፈች። በትርጒሙም ሥራ ላይ ድርሻዋ ታላቅ ስለ ነበረ የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ የኦኔሲሞስ ብቻ ነው ማለት ፍርድ ማጕደል ይሆናል። ስሟ በመጻሕፍቱ ታሪክ ውስጥ ለብዙ ዘመን በጓዳ መቅረቱም የሚያሳዝን ነው። በእምኩሉ ከልዩ ልዩ የኦሮሞ አገሮች ተነድተው የመጡ ሌሎችም ነጻ የወጡ ወጣቶች ነበሩ፤ የአንዱ አገር አነጋገር ከሌላው ጋር ይነጻጸርና ለብዙዎች የሚገባው ቃል ይመረጥ ነበር።

አንድ ሰው ይህን ሲሰማ ሊከራከር ይችላል። ኦኔሲሞስ ወለጋ ቢገቡ ኖሮ አገሩ ሁሉ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነውና የቋንቋ ችግር ባልገጠማቸው ነበር ቢል አሳቡ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በወለጋ ማተሚያ ቤት አልነበረም፤ በእምኩሉ ነበረ። በወለጋ ጦርነት ነበረ፤ ቀጥሎም ከ1888 ጀምሮ የከብት ዕልቂቱና ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ መላውን ኢትዮጵያ አጠፋ። በዚያ ጊዜ አገር ቤት የሚገኝ መምህር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መዝገበ ቃላት ሊሠራ ይችል ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ሥራው እንዴት ያለ እንደ ነበረ ለማወቅ የፊደሉን ነገር ብቻ ማየት ይበቃል። ኦሮምኛውን የጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። በኦሮምኛ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ የሚነገር፣ በግዕዝም በአማርኛም የሌለ አንድ የደ ዓይነት ድምፅ አለ፤ ለዚህም በደ ላይ ምልክት በመጨመር የተገኘው ዸ ያገለግላል። ይሁን እንጂ የግዕዝ ፊደል የሚጠብቀውን ከሚላላው፣ ረጅሙን አናባቢ ከአጭሩ አይለይም፤ በኦሮምኛ ደግሞ በዚህ ልዩነት ብቻ የቃል ትርጒም ይለወጣል። አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት እየገመተ እንዲያነብ ግድ ነበር። ይህ ችግር ከብዙ ክርክር በኋላ በ1991 ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ሲወሰን መልስ አገኘ፤ ስለዚህም የዛሬ የኦሮምኛ ተማሪ የኦኔሲሞስን መጽሐፍ በፊደሉ ምክንያት ብቻ ሊያነበው አይችልም ይሆናል።

በ1893 አዲስ ኪዳን በእምኩሉ ታተመ። በሚቀጥለው ዓመት በ1894 የንባብ መማሪያው ወጣ። ይህ መጽሐፍ ለመምህራን የተለየ ነገር አለው። በዚያ ዘመን በብዙ አገር ለጀማሪ ልጅ የሚሰጠው ንባብ ጸሎት ወይም የባዕድ አገር ተረት ነበር። የኦኔሲሞስና የአስቴር መጽሐፍ ግን አስቴር ከጻፈቻቸው ብዙዎቹን ይዟል፤ የኦሮሞ ልጅ ፊደል ቈጥሮ ሲጨርስ የሚያገኘው በምሽት በእሳት ዳር የሰማውን የገዛ አገሩን እንቆቅልሽ ነው። ልጁ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋልና ዓይኑ የሚታገለው ከፊደሉ ጋር ብቻ ይሆናል። መምህር የሆነ ሁሉ የዚህን ዘዴ ጥቅም ያውቃል። በመጨረሻም በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና ታተመ።

ይህ ሁሉ ከበሽታና ከክልከላ ተገኘ ተብሎ ግን በሽታውና ክልከላው ራሳቸው መልካም ነበሩ ሊባል አይገባም። የምፅዋ ሙቀትና ንዳድ በእነዚያ ዓመታት ከተማሪውም ከመምህሩም ብዙ ሰው ቀጥፏል። ኦኔሲሞስም ምሕረትን በሞት አጥተዋል፤ በኋላ ያገቡት እንደሳቸው ኦሮሞ የሆኑትን ሊዲያ ዲምቦን ነው። ሁሩሙ የቀረችው እናትም ልጇን ለምን ያህል ዘመን እንደ ጠበቀች ማን ይነግረናል? የጠፋው ጠፍቷል። ኦኔሲሞስ ያደረጉት በቀረላቸው ጊዜ መሥራት ነው።

የወለጋ በር የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ የተባሉ የሐማሴን ሰው ቦጂ በሚባለው የወለጋ አገር ገብተው በኦሮምኛ ማስተማርና ማንበብ ጀመሩ። ስለዚህ ኦኔሲሞስ በእምኩሉ የደከሙበት ንባብ ከራሳቸው ቀድሞ አገር ቤት ገባ። በ1904 ኦኔሲሞስ ከአስቴርና ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር ወለጋ ሲደርሱ የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በኦሮሞ ስማቸው ኩምሳ ሞሮዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው፤ በነቀምትም ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ቢገቡ ኖሮ ይዘውት የሚገቡት የስዊድን ትምህርታቸውንና መልካም ፈቃዳቸውን ብቻ ነበር። አሁን ግን በልጆቹ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ በእጃቸው ነበረ፤ ማስተማር የሚችሉ ሴቶችም አብረዋቸው ነበሩ። ወይዘሮ አስቴር በነቀምት ልጆችን አስተማሩ። ሊታደን የተሸጠ ልጅ ተመልሶ የልጆች መምህር ሲሆን ያየ የነቀምት ሰው ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

መሰናክሉ ግን በዚህ አላበቃም። የአገሩ ካህናት ከሰሷቸውና በግንቦት 1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ በእመቤታችን በድንግል ማርያም ላይ የስድብ ቃል ተናግረዋል በሚል ተወነጀሉ፤ አቡኑም ከአገር እንዲሰደዱ ፈረዱባቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን ፍርድ ሽረው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አገዷቸው። በ1886 ከእንጦጦ የመለሷቸው እኚሁ ንጉሥ በ1906 በአገራቸው እንዲኖሩ ያደረጓቸው መሆኑ የታሪክ ነገር ነው። ክርክሩ የሃይማኖት ክርክር ስለ ነበረ ፍርዱን እዚህ መመርመር አስፈላጊ አይደለም። በሥራቸው ላይ ያስከተለው ግን ግልጽ ነው፤ ስብከት የተከለከለ ሰው የቀረው ማስተማር ነውና ለብዙ ዓመታት ኦኔሲሞስ ትምህርት ቤታቸውን ሲመሩና ለደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በአስተርጓሚነት ሲያገለግሉ ኖሩ። ክልከላው ሲጠነክር ጊዜያቸው ሁሉ ለተማሪዎቹ ሆነ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ በግልጽ ፈቀዱላቸው፤ ከዚያም በኋላ በወለጋ ሁለቱንም ሥራ አጣምረው ቀጠሉ።

ኦኔሲሞስ ነሲብ ሰኔ 21 ቀን 1931 በነቀምት ዐረፉ። ወይዘሮ አስቴር ጋኖ ከእሳቸው በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖረው በ1964 ዐረፉ፤ በልጅነታቸው በእምኩሉ ወረቀት ላይ ያሰፈሯቸውን እንቆቅልሾች ያነበቡ ልጆች በዚያን ጊዜ ራሳቸው አያቶች ሆነው ነበር።